ስፋቱን ብቻ ጠየቅሁ

በሰቆጣ በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ሊሰፋ ነው ሲባል ትንሿ ልጄ ገና አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች አጥራችን እንደሚፈርስና መንገዱ ወደ ቤታችን ግድግዳ እንደሚጠጋ ነገሩን። ባለቤቴ ለሰሊጥ ሥራ ሑመራ ወርዶ ስለነበር የምሰማውም የምወስነውም እኔው ነበርኩ። የፊት ግድግዳችን ከድሮም አብጦ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። አጥሩ መፍረሱ ካልቀረ ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ከሚነሳ፣ ግድግዳውንም በሩንም አብሬ ላሠራ አልኩ።

የምፈራው ለጎታዎቹ ነበር። በፊተኛው ክፍል ሁለት ጎታ አሉኝ፤ እዚያው በጭቃና በእበት ያበጀኋቸው፣ በበር የማይወጡ። የዓመት እህላችን እነሱ ውስጥ ነው። ውሃ ከገባ ጎታው ከሥሩ ይፈርሳል፣ እህሉም ይበላሻል።

ስለዚህ አዲሱ ግድግዳ ተመልሶ እንዳይፈርስብኝ፣ መንገዱ የት ድረስ እንደሚሰፋ ተጠንቅቄ ጠየቅሁ። ሦስት ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ከተመላለስኩ በኋላ ቀያሹ መጥቶ ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ላይ ችካል መታልኝ።

«ከዚህ ወዲህ የእርስዎ ነው፣ እናቴ። የፈለጉትን ይሥሩ።»

«አይነቃነቅም?»

«አይነቃነቅም።»

«ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ አይልም?»

«የምመጣው እኔው ነኝ» አለ ሰዓቱን እያየ።

እሱ ሲሄድ ከችካሉ እስከ ግድግዳው በገመድ ለካሁ፤ ገመዱንም በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። አሮጊቷ ጎረቤቴ ከደጃቸው ሆነው ሲያዩኝ ሳቁ።

«አንቺ ሴት፣ ለመንገዱ ቀሚስ ልታሰፊለት ነው?»

«ይሳቁ፣ እማማ። ኋላ አፍርሺ ቢሉኝ እርስዎ ይገነቡልኛል?»

«ጉልበት የት አለኝና! ከገነባሽ ግን የበሩን ደፍ ዝቅ አድርጊልኝ። ያንቺን በር ስገባ ገደል የምወጣ ነው የሚመስለኝ።»

ወንፈል ጠራሁ። በእኛ አገር ወንፈል የጠራ ሰው የመጡለትን ሁሉ በተራው ሄዶ ያግዛል፤ ጉልበታቸውን ሳይመልስ ዳግመኛ አይጠራም። ስምንት ሰው ሁለት ቀን ዋለልኝ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ደፉም ከመሬት እኩል ሆነ። ጎረቤቴ ገቡ፣ ወጡ፣ ደግመው ገቡና መረቁኝ።

ከፋሲካ በኋላ ገልባጭ መኪኖቹ መጡ። ገረጋንቲ አራገፉ፣ ሮሎው ዳመጠው። ጨረሱ ብዬ ሳመሰግን ደግመው አራገፉ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ከደፌ በላይ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። የቤቴ በር ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። ችካሉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ጫፉ ብቻ ከገረጋንቲው ብቅ ብሎ ይታያል።

ቀያሹን ከሠራተኞቹ መሐል አገኘሁት።

«ከችካሉ አላለፍንም እኮ፣ እናቴ።»

«አላለፋችሁም። ግን ከፍ ይላል አላልከኝም።»

«አልጠየቁኝማ። የጠየቁኝ ስፋቱን ነው።»

እውነቱን ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍታውን አላነሳሁም።

«ታዲያ ውሃው ወዴት ይሂድ?»

«ቦይ ይቆፈርለታል።»

«መቼ?»

«ከክረምቱ በኋላ።»

ሌላ ወንፈል መጥራት አልችልም፤ የስምንት ሰው ጉልበት አለብኝ፣ ሰውም እርሻ ላይ ነው። ከፈረሰው አጥር የተረፈውን ድንጋይ ከትልቋ ልጄ ጋር ተሸክመን፣ ጭቃ አቡክተን፣ ደፉን እስከ ጉልበት ከፍ አደረግነው። አራት ቀን ፈጀብን። ጎረቤቴ ቆመው ያያሉ፤ አይስቁም።

«ዝቅ አድርጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ እማማ።» ሌላ ድንጋይ አነሳሁ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ጣለ። ውሃው ከመንገዱ ወርዶ በሩ ላይ ተጠራቀመ። ጆንያ ይዤ ከደፉ ኋላ ተንበረከክሁ። ሊያልፍ ሁለት ጣት ሲቀረው በግድግዳው ጥግ መውጫ አገኘና ቁልቁል ወረደ። ሄጄ የጎታዎቹን ሥር ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ባቆመ ቁጥር ስዳስሳቸው ከረምኩ።

የሰዎቹን ጉልበት በአጨዳ መለስኩ። ቦዩም በበጋው ተቆፈረ። ደፉን መልሼ ላወርደው አስቤ ነበር፤ ድንጋዩን ሳየው ወገቤን ያመኛል፣ ተውኩት። ጎረቤቴ ሲመጡ መጀመሪያ ደፉ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ከውስጥ ሆኜ እግራቸውን አንድ በአንድ አንስቼ አስገባቸዋለሁ።