የሜክሲኮው ጄኔራል እና ጋሽ ላምቦሬ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «አባ፣ ሥልጣን ላይ ትንሽ ጊዜ ብቻ የቆየ መሪ ታውቃለህ? ለክላስ ፕሮጀክት ነው» አለችኝ።

«አንድ የሜክሲኮ ጄኔራል አውቃለሁ» ስላት ሳቀች። ባለ ሱቁ አባቷ ሜክሲኮን ከየት አመጣው ብላ ይሆናል። እውነቷን ነው። እኔም ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሁሉም ነገር በተዘጋበት በዚያ የወረርሽኝ ክረምት ነው። ክረምት ስል የጆሃንስበርጉን ማለቴ ነው፤ ዝናብ የለው፣ ጭቃ የለው፣ አጥንት የሚሰብር ደረቅ ብርድ ብቻ።

ያኔ ገና ጢሜ እያቀመቀመ ነበር። ዮቪል የሚባል የከተማዋ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ከጋሽ ላምቦሬ ጋር እንጋራ ነበር። ጋሽ ላምቦሬ የአገሬ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ እዚያ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቴምቢሳ በከፈቷት ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አብረን እንሠራ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ወረቀታችሁ አልተሟላም ተብሎ ሱቁ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ሥራችን መስኮት ላይ ተቀምጦ መንገዱን ማየት ሆነ። የወትሮው የታክሲ ጡሩምባ ጠፍቶ አምቡላንስ ብቻ ይጮኻል። ጠዋት ፓፕ፣ ማታም ያው የበቆሎ ገንፎ በጎመን። «ቆጮ ነው ብለህ ዋጠው» ይሉኝ ነበር።

አስተማሪ ተማሪ ሲያጣ ምን ያደርጋል? እኔን ያስተምሩኝ ጀመር። ካስተማሩኝ ሁሉ ያልረሳሁት የዚያን ጄኔራል ታሪክ ነው። ስሙን ነግረውኝ ነበር፤ ምላሴ ግን አልያዘውም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ገደማ ለአገሩ ነፃነት የተዋጋ ሰው ነው። ስፔኖች የሙጥኝ ያሉበትን የመጨረሻውን የባሕር ምሽግ ያስለቀቀው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ነገር ተገለባበጠና ያው ጀግና ታስሮ ከአገር ተባረረ።

«የት ሄደ?» አልኋቸው።

«እንደ እኛ ነዋ፤ ሰው አገር።»

በኋላ ተመለሰ። ፕሬዚዳንቱ ከዋና ከተማው ሲርቅ ወንበሩን ለጊዜው ለእሱ ተወለት። አንድ ዓመት ገደማ እንደመራ ትኩሳት ያዘው። ብዙ ሰው የጨረሰ ትኩሳት ነበር፤ ጄኔራል ነው ብሎ አልማረውም። ሊሞት ሲል፣ ዓይኖቹ ወደ ተወለደበት አገር፣ ልቡ ወደሚወደው ከተማ፣ ምላሱ ወዳስለቀቀው ምሽግ እንዲወሰዱ፣ የቀረው አካሉ በዋና ከተማው ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር ተናዘዘ።

ሰቀጠጠኝ። «ይሄ ምን ዓይነት ኑዛዜ ነው?»

«የኖረባቸውን ቦታዎች ማስቀየም አልፈለገማ።»

«እርስዎስ ቢሆኑ?»

«እኔ ለማንም አልከፋፈልም» አሉ እየሳቁ። «ሙሉዬን ሆሳዕና።»

ብዙም ሳይቆይ ሳል ጀመራቸው። ሽንኩርት ሳቁላላ «ምንም አይሸተኝም» አሉ። ቀጥሎ ትንፋሽ አጠራቸው። አምቡላንስ ብንጠራ ቀረ፤ ከታች ፎቅ የምትኖረው ማ ዛኔሌ የምትባል የዙሉ ሴት አፏን በሻሽ ሸፍና በመኪናዋ አደረሰችን። የሆስፒታሉ ዘበኛ ታማሚው ብቻ ይግባ አለ። ጋሽ ላምቦሬ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፏቸው ዞር ብለው፣ «ጃኬትህን ዝጋ ማቲዎስ፤ ብርድ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

መሞታቸው በስልክ ተነገረኝ። አውሮፕላን የለም፣ ድንበሩ ዝግ ነው፤ እዚሁ ይቀበሩ ተባለ። ነጭ የለበሱ ሰዎች በላስቲክ የተጠቀለለውን ሳጥን ሲያወርዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣን ጥቂት ሰዎች ራቅ ብለን ዘመርን። መዝሙሩ ማስካችን ውስጥ ታፈነ። ሆሳዕና ላሉት ባለቤታቸው፣ ለእትዬ ዘነበች፣ ቀብሩን በስልኬ አሳየኋቸው።

«ፊቱን አሳየኝ» አሉ።

«ሳጥኑ ታሽጓል እትዬ።»

«ኮቱን እንኳ ላክልኝ።»

«ልብሳቸውን ሆስፒታሉ አቃጥሎታል።»

«ታዲያ ምኑን ትልክልኛለህ?»

እትዬ ዘነበች አስከሬን በሌለበት ድንኳን ተቀምጠው አለቀሱ፤ እርማቸውን ግን አላወጡም። ስልክ በጮኸ ቁጥር እሱ ነው እያሉ ኖረው ሞቱ።

ልጄ፣ «ጄኔራሉ በመጨረሻ ምን ሆነ?» ስትለኝ፣ «ታሞ ሞተ» ብዬ ተውኩት። የቀረውን ለመንገር አቅም አጣሁ።

አንዳንድ እሁድ ወደ መቃብሩ እሄዳለሁ። ረድፉ በየዓመቱ ይረዝማል፤ በግራ በቀኝ የተኙት የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሰው አገር የሞተ ሰው ብቸኝነቱ የሚከፋው ከሞተ በኋላ ይመስለኛል። ስለዚህ እዚያ ቆሜ በቋንቋችን በሀዲይኛ ሰላም እላቸዋለሁ፤ የአገር ወሬ እነግራቸዋለሁ፤ ዝናቡ ጣለ፣ እንሰቱ ደረሰ እላለሁ። ቀሎኝ የተመለስኩበት ቀን የለም። እኔ የሞትኩ ዕለት ማን እንደሚያናግራቸው አላውቅም። ልጄ ሀዲይኛ አትችልም።