የቁጥር ሦስት ጎጆ ሽታ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ

አዲስ አበባ ገና አልነቃችም። እኔ ትናንት ከድሬዳዋ ገብቼ ዘመድ ቤት አድሬያለሁ፤ ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ወንድሜ በርጋ የላከልኝ መኪና እስከ መስኮቱ ጭቃ የለበሰ ፒካፕ ነው። ሾፌሩ ሽኩር የቡታጅራ ሰው ነው፤ ሻንጣዬን ከእጄ ቀማኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ጋሽ በርጋ እንደ እንቁላል ይዘህ አምጣልኝ ብሎኛል።»

«መንገዱስ እንዴት ነው?»

«እኔ እንቁላሉን እይዛለሁ። ስለ መንገዱ መንገድ ሥራን ይጠይቁ።»

የምሄደው ወደ ተወለድኩበት መንደር ነው፤ የማድረው ግን በሎጅ ነው። በርጋ መርካቶ በንግድ ያፈራውን ሁሉ ይዞ፣ ከቡታጅራ ወደ አገና በሚያቋርጠው ተራራ ላይ፣ ጫካው አፋፍ ባለው ርስታችን ስድስት ጎጆ ሠርቷል። በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ «በዝናባማው ደን እቅፍ ውስጥ» ብሎ አሳትሞታል። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በመስቀል ሳምንት፣ ማክሰኞ ይገባሉ። ከእነሱ በፊት እኔ ሁለት ሌሊት እንድተኛበት ጠራኝ። «እንደ ንግሥት ትሆኛለሽ» አለኝ በስልክ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞ አፍንጫሽን ይዘሽ ነይ» አለ። ሊያብራራልኝ ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ድሬዳዋ በአዋላጅነት ስሠራ ብዙ መስቀል አልፎኛል። ሰው የሚወለደው በዓል አይቶ አይደለምና።

ጥያ ስንደርስ ጉሙ አልተነሣም። ትክል ድንጋዮቹ በጉሙ ውስጥ፣ ማኅበር ላይ ተነሥተው ጸሎት እንደሚያደርጉ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሜዳው ሁሉ አደይ ነው። ቡኢ ላይ ሽኩር ሻይ ጠጣ፤ እኔ ዓርብ ስለሆነ አፌን አልፈታሁም፤ ለመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ገዛሁ። ድንችና ጥቅል ጎመን የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ረዳቱ ከዋጋ ተከራካሪ ጋር ይሳደባል፤ ሁለቱም ይሥቃሉ።

ቡታጅራ የገባነው ለጁምዓ ነው። ሽኩር መኪናውን በርበሬ ከተሰጣበት ሸራ አጠገብ አቁሞ ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ በማስነጠስ ጠበቅሁት። ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

«እርስዎ ጾም፣ እኔ ሶላት» አለ ሞተሩን እያስነሣ። «ይህች መኪና ዛሬ ብትገለበጥ እንኳ የምትገለበጠው ወደ ላይ ነው።»

አማተብኩ። እሱ ግን እስከ ዳገቱ ድረስ ለብቻው ሣቀ።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ከጠጠሩ መንገድ ላይ ጫካው ሳይታሰብ ይውጠናል። ኮሶ፣ ዝግባ፣ ግንዱን ሽበት የወረሰው ወይራ። ቅጠል ሁሉ ያንጠባጥባል፤ ዝናብ ይሁን ጉም አይለይም። ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን አንዠርግገው ቁልቁል ያዩናል። የድሬዳዋን አቧራና ፀሐይ የለመደ ዓይኔ አረንጓዴውን ማመን አቃተው። ከጫካው ሥር የእንሰቱ ቅጠል ዣንጥላውን ዘርግቶ፣ ከእንሰቱ መሀል የበርጋ ጎጆዎች ጉልላት ብቅ ብሏል።

እናቴን መጀመሪያ አገኘኋት። እኛ ቤት እናት «አዶት» ናት። በርጋ በሎጁ በር አጠገብ በሠራላት ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። አገላብጣ ስማኝ፣ የነጠላዬን ጥለት በጣቷ እያሻሸች ጠየቀችኝ።

«እዚያ ነው የምታድሪው? እንደ እንግዳ?»

«በርጋ ነው ያለኝ፣ አዶት።»

«ይሁን። ለመስቀልስ አለሽ?»

«ማክሰኞ ተረኛ ነኝ።»

ጥለቱን ለቀቀችው።

በርጋ ቁጥር ሦስት አስገባኝ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጎጆ እሱ ነው። አልጋው ለቤተሰብ የሚበቃ፣ ላዩ ላይ ነጭ አጎበር እንደ መጋረጃ የወረደበት። ፎጣውን አንድ ሰው አጣጥፎ ዳክዬ አስመስሎታል፤ እንዳላበላሸው ወንበር ላይ አኖርኩት። ከመስታወቱ በር ውጭ የሳንቃ በረንዳ አለ፤ ከበረንዳው ወዲያ ጫካው ብቻ።

«አሽቺ» አለኝ በርጋ።

አሸተትኩ። አዲስ ቫርኒሽ፣ እርጥብ ሣር፤ ከሥር ደግሞ ሌላ፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር።

«የአዲስ አበባ ቧንቧ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ቆፈረው። ፍሳሹ ንጹሕ ነው። ሽቶ ብነፋበት ባሰ። ቡድኑን የምታመጣዋ ሴትዮ የምታርፈው እዚህ ነው። አፍንጫዋን ከያዘች ሌላ ሰው አታመጣልኝም፤ ያለኝን ሁሉ እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው ያፈሰስኩት። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ወተት ሳይበላሽ በፊት የምታውቂ ነሽ።»

«መጀመሪያ ልብላ» አልኩት። ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ክትፎ ሊያቀርብልኝ የመጣው አስተናጋጅ ዓርብ መሆኑን ሲያስታውስ፣ ሳህኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ኋላ ሸሸ። ጎመንና ቆጮ በላሁ፤ ቆጮው የገበያ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት በጫካው ዞርኩ። ጉሙ ወገቤን ታቅፎ አብሮኝ ይሄዳል። ውኃ የሚወርድበትን እሰማለሁ፤ ስጠጋው ድምፁ ወደ ሌላ ዛፍ ይዛወራል። በልጅነቴ እንጨት የለቀምኩበትን ቦታ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም፤ ወይም ሁሉም ቦታ እሱ ነበር።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ መጣ። በሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ዝናብ አይጮህም፤ ያንሾካሹካል። አጎበሩን ዘግቼ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ነው ብዬ አልምልም፤ ንቃትም አልነበረም። ጎጆው ከመሬት ተላቅቆ በጉሙ ላይ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ከታች ሴቶች ይሥቃሉ። ቅጠል ሲቀደድ እሰማለሁ። አዶት በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ መሬት ውስጥ ከትታ፣ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ ትሥቃለች፤ እኔ ትንሽ ነኝ፤ እጇ ሲወጣ ነጭ ነገር ጨብጧል። ሽታው ያ ነው።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። በባዶ እግሬ ወደ በረንዳው ወጥቼ ተንበረከክሁ፤ አፍንጫዬን በሁለት ሳንቃ መሀል ሰደድኩ። ጥርጥር የለውም፤ የተፋቀ እንሰት በቅጠል ተሸፍኖ የሚብላላበት የቆጮ ጉድጓድ ነው።

በዝናቡ ውስጥ ወደ አዶት ሮጥኩ።

«አዶት፣ የቁጥር ሦስት በረንዳ የቆመው ጉድጓድሽ ላይ ነው?»

የእንሰት ቃጫ እየፈተለች ነበር። እጇ አልቆመም።

«ታዲያ የት ይሆናል?»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ጉድጓድ የሴት ነው፤ በርጋ ወንድ ነው፣ የት እንደሆነ በምን ይወቅ? የመጡት አናጢዎች ወንዶች፣ መሐንዲሱ ወንድ። መሬቱ ለስላሳ ነው ብለው ደስ አላቸው! እኔ እህቴ ታማ ወልቂጤ ነበርኩ። ስመለስ ሳንቃው ተመቷል። በርጋ እጄን ይዞ ሳንቃው ላይ አወጣኝና ‹አዶት፣ ፈረንጅ ቁርሱን እዚህ ይበላል› አለኝ። ዓይኑን ብታዪው! ስለ ቆጮ ብዬ የልጄን ሥራ ልርገም?»

«ቅጠሉን ሳትቀይሪለት ይበላሻላ።»

አሁን እጇ ቆመ።

«አንቺ የምትመጪበት መስቀል ይበላል ብዬ ነው ያቆየሁት» አለች። «ሌላውን ጉድጓድ እየበላሁ፣ እሱን አልነካሁም።»

አዋላጅ ነኝ፤ ለማልቀስ ጊዜ የለንም። ቀጥ ብዬ በርጋ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ሣቀ፤ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ስንት ጊዜ ቧንቧ አስቆፈርኩ! እናቴ እኮ በየቀኑ ቆማ ታየን ነበር!»

«አልጠየቅሃትም።»

ሚስማር መንቀያውን አነሣ። ሳንቃዎቹን እሱና የሎጁ ዘበኛ እየነቀሉ ሳለ አዶት ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ትኩስ የእንሰት ቅጠል ተሸክማ ደረሰች።

«በቃ። ወንድ ዞር ይበል።»

«አዶት፣ የሎጁ ባለቤት እኮ ነኝ!»

«ከዝግባው ወዲያ ባለቤት ሁን።»

በርጋ ሄደ። ዘበኛውም ጠመንጃውን ይዞ ተከተለው። ሁለቱ ከዝግባው ጀርባ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው እንደ ተቀጡ ተማሪዎች ቆሙ። ክረምቱን ከክዳኑ የወረደው ውኃ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ከርሟል። የላይኛው ቅጠል በስብሶ በእጃችን ላይ ተበጣጠሰ፤ ከሥሩ ያለው ቆጮ ጠቁሯል። ሽታው አሁን ያለ ይሉኝታ ወጣ። አንደኛዋ ጎረቤት ከንፈሯን መጠጠች። አዶት ጥቁሩን እየዛቀች ጣለች፣ ጣለች። ተንበረከከች። ክንዷ እስከ ክርን፣ ከዚያ እስከ ትከሻዋ ገባ። ፊቷ ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ፤ ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ ጸሎት ጀመርኩ፤ መጨረሻው ጠፋብኝ።

እጇ ወጣ። የጨበጠችው ነጭ ነበር።

«እንዴት ሆነ?» በርጋ ከዛፉ ጀርባ ጮኸ።

«ተርፏል!» አልኩት። ዘበኛው እልል ሊል ቃጣውና በሳል ሸፈነው።

የረጠበውን ቅጠል አውጥተን በአዲስ ለበጥነው። በርጋ ሲፈቀድለት የውኃውን ቦይ ወደ ጫካው አዞረ፤ ሳንቃውንም መልሶ አልመታውም፤ ማጠፊያ አበጅቶ እንደ በር የሚከፈት አደረገው። ሲመሽ በክፍሉ ውስጥ የቀረው ሽታ ጥቂት ነበር፤ እንጀራ ቤት ያለ እርሾ ያህል።

እሑድ

ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ጧፌን አብርቼ ተመለስኩ። ሻንጣዬን ዘግቼ አዶትን ትንሽ ቆጮ እንድትጠቀልልኝ ለመንኳት፤ ድሬዳዋ ወስጄ ልበላው።

«አልሰጥም።»

«አዶት!»

«መኪና ላይ አይወጣም። የሚበላው ሰው ወደ እሱ ይመጣል። እናቴም እንዲህ ነበር የምትለኝ።»

ግንባሬን ሳመችኝና ወደ ቁጥር ሦስት በረንዳ ሄደች። ዘወር ብላም አላየችኝ።

ሽኩር ለእንግዶቹ ዕቃ ሊያመጣ ቡታጅራ ወርዶ ስለነበር እስከ አገና በእግሬ፣ ከአገና በሚኒባስ ሄድኩ። ጉሙ ወደ ኋላ ቀረ። ባዶ እጄን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያሉት ባልቴት አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ፣ እጄን አዩ፣ ፈገግ አሉ።

«ከጉድጓድ ነው የመጣሽው።»

«ታጥቤ ነበር እኮ፣ እቴቴ።»

«ይሄ በሳሙና አይሄድም፣ ልጄ። ይሄ በመስቀል ነው የሚሄደው።»

ወልቂጤ መናኸሪያ ስንገባ ስልኬን አወጣሁ። «አዲሳባ! አዲሳባ! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ፤ ሻንጣዬን ለመቀበል እጁን ዘርግቷል። ትንሽ ጠብቀኝ አልኩትና የሥራ ባልደረባዬ ኢክራም ጋ ደወልኩ። ሳልጨርስ ገባት።

«መስቀል ነው?»

«መስቀል ነው።»

«ለአለቃችን እኔ እነግርልሻለሁ፤ ሳምንትሽን እሸፍናለሁ። ለዒድ ግን ሁለቱንም ቀን አንቺ ነሽ፤ አላህ ሰምቶሻል።»

ከዚያ ለበርጋ። እሱም ለመልእክት ኔትወርክ ወዳለበት አገና ወርዶ ነበርና ስልኩን አነሣ።

«ቁጥር ሦስትን ለማንም እንዳትሰጥ» አልኩት።

«ዘገየሽ። ተይዟል። ሴትዮዋን ቁጥር አንድ ላሳርፋት ነው።»

«ማን ያዘው?»

«አዶት ናታ! የተከፈተ ጉድጓድ ትቼ አልተኛም ብላ ጓዟን ይዛ ገባች። ዳክዬውን ፎጣ ራሷ ላይ ጠምጥማዋለች።»

ረዳቱ «እትዬ፣ እንሂድ እንጂ!» አለኝ።

«አልጋው ሰፊ ነው፤ ለሁለት ይበቃናል በላት» አልኩና ሻንጣዬን አንሥቼ ወደ አገና ሚኒባሶች ተሻገርኩ።