የመረጋጋት ዶክተር

ዕድሜ ለአጎቴ፣ ሉማሜ ውስጥ እስካሁን የአእምሮ ሐኪም የምመስላቸው ሰዎች አሉ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ነው የማስተምረው። ጥናቴ የእንቅስቃሴ መረጋጋት ይባላል፤ አንድን ነገር ካረፈበት ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት ይመለሳል ወይስ ነጉዶ ይቀራል የሚለውን በቀመር መመርመር ነው። አጎቴ ቄስ ናቸው። ሽማግሌ ሆነው ልጅ ሊጠይቁልኝ ሉማሜ ሲሄዱ የልጅቷ አባት፣ ለመሆኑ ልጁ የተረጋጋ ነው ወይ ብለው ይጠይቋቸዋል። አጎቴ ደግሞ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ካገኙ ማን ያስቆማቸዋል! እንኳን እሱ ዶክትሬቱም በመረጋጋት ነው ብለዋቸው አረፉ። አባትየውም እንግዲያው ራሱ መጥቶ ያስረዳኝ አሉ። ሽማግሌ የላከ ሰው ለፈተና ሲቀመጥ የት ታይቷል? ግን የምወዳት ልጅ ናት፤ እምቢ ካሉኝ አለቀልኝ። ከአጎቴ ጋር ሄድኩ።

አባቷ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላቸው። ሎሚና ጎድጓዳ ሳህን ለመንኩ። ሎሚውን ሳህኑ ውስጥ አድርጌ ገፋ ሳደርገው ወዲያ ወዲህ ብሎ መሐል ላይ ተቀመጠ። ይኼ የተረጋጋ ነው አልኩ። ቀጥዬ ሳህኑን ደፋሁና ሎሚውን አናቱ ላይ በመከራ አቆምኩት። ይኼም ጸጥ ብሏል፣ ግን አልተረጋጋም ብዬ ነካ ሳደርገው ተንከባሎ አጎቴ እግር ሥር ገባ። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸዋል።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! አስተማሪ አይደለሁ፣ አፌ አላርፍ አለ። ዋናው መረጋጋት ግን ወደ ማረፊያው እየቀረቡ እየቀረቡ መሄድ ነው አልኩ።

«መቼ ይደርሳል?» አሉ አባቷ።

«እየቀረበ ይሄዳል እንጂ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ጨርሶ አይደርስም።»

ልጅቷ ሻይ ይዛ የገባችው ይኼኔ ነው። ማስተርሴን ልጨርስ፣ ዶክትሬቴን ልጨርስ እያልኩ ስንት ፋሲካ ያሳለፍኩባት ልጅ። ትሪውን አስቀምጣ አየችኝ።

«ልክ ነው አባዬ፣ እኔንም እንዲሁ ሲቀርበኝ ነው የኖረው» አለች።

አጎቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ጋለ፤ አፈርኩ፣ ፈራሁም። አባቷ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ሎሚውን አነሱና ጋቢያቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከዚያ የተደፋውን ሳህን አቃንተው ሎሚውን መሐሉ ላይ አኖሩት።

«እኔ ሒሳብ አላውቅም። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ትደርሳለህ ወይስ አትደርስም?»

«እደርሳለሁ» አልኩ። ምን እላለሁ ሌላ፤ ልጅቷ ትሪው አጠገብ ገና እዚያው ቆማለች።