ባዶ የቀረው የወላጅ ወንበር

ያን ቀን የሠራሁትን ጅልነት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል፤ ሌላው ሲያወራው ይጨምርበታል። አምቦ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩን ጥያቄዎች አንብብ ተብዬ፣ «አዋሽ ወንዝ ከየትኛው ከተማ አጠገብ ይነሳል? ጊንጪ» ብዬ ጥያቄውን ከነመልሱ በማይክራፎን ለቀቅሁት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ዝም በሉ» ይላል፣ ራሱ ግን ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ተሰረዘ።

ተራው የጎረቤቴ ነበር። ከካቺሲ መጥታ፣ እኔ ባለሁበት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ጊንጪ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ የምታልፍበት ከተማ ነው፤ በእንቅልፏም ትመልሰው ነበር።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በሬን የምታንኳኳው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሱም ክብሪት ሲያልቅባት። ለወላጆች ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ለሌላ ጉዳይ መጣች።

«አባባ፣ ቤተሰቦቼ አዝመራ ላይ ናቸው፤ አይመጡም። የወላጅ ወንበር ላይ ይቀመጡልኛል?»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ማጨብጨብ። ደግሞ እንዳይተኙ።»

ሹመት እንደተሰጠው ሰው ኮቴን ተኩሼ ሄድኩ። በር ላይ ዝግጅቱን የሚመራው ክበብ ተማሪዎች፣ «ጋሼ፣ ጥያቄ አንባቢያችን ቀረብን፤ የእርስዎ ድምፅ ደግሞ ያምራል» አሉኝ። ድምፄን ሰው ካመሰገነው ስንት ዘመኑ! ወንበሩን ረስቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ።

ሲያበቃ ተማሪዎቹ ዝግጅቱ በምን እንደተሳካ ተነጋገሩ። ማይክራፎኑ አልተቋረጠም፤ ለስላሳው ለሁሉም ደርሷል። «ከሁሉም በላይ ግን ቤቱን ያሞቁት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ምስጋናውን ሳላፍር ተቀበልኩ።

ልጅቷ ሁለተኛ ወጥታለች። አብረን ወደ ቤት ስንሄድ ስለ ጥያቄው ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ጥያቄውስ ይሁን» አለች። «ሽልማት ሲሰጥ ሁሉም ወደ የወላጁ ዞሮ ያይ ነበር። እኔም ዞርኩ።»

እኔም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያሳቅሁት ሽማግሌ፣ ሽልማቷን ተቀብዬ እስከ ግቢያችን ያዝኩላት።

በዓመቱ ትምህርቷን ጨርሳ ሄደች፤ ክፍሏን የግቢው ባለቤቶች እህል ሞሉበት። ዛሬም ተማሪዎች «ዝግጅታችን እንዴት ይሳካ?» ብለው ምክር ሲጠይቁኝ፣ አስቀድማችሁ ሰው የማይመጣላቸውን ልጆች ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ሽማግሌው ስብከቱን ጀመረ ብለው ይተዉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ለዚያች ልጅ የአንድ ከሰዓት መቀመጥና ጥቂት ጭብጨባ እስካሁን አለብኝ።