በጠመኔ የተሠራው ባኞ ቤት

እናቴ ከአሊዩ አምባ ወርደው ሸዋ ሮቢት እኛ ጋ ለመኖር ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሳይደግፋቸው ሽንት ቤት ገብተው ሰው ሳይደግፋቸው መውጣት። ጉልበታቸው አንዴ ከታጠፈ አልዘረጋ ይላቸዋል። የእኛ ሽንት ቤት ደግሞ ቁጢጥ የሚባልበት ነበር። ሦስት ቀን ባለቤቴ ብብታቸውን ይዛ ስታነሳቸው ሰነበተች። በአራተኛው ቀን፣ “እኔ ጆንያ አይደለሁም የምነሳ፤ ወይ ቤቱን አስተካክል ወይ ወደ ቤቴ ስደደኝ” አሉኝ።

አስተካክላለሁ አልኩ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ማሾ ንግድ የገባሁ ሰው ነኝ። ስፋትና ማዕዘን የሚባለውን ያወቅሁት በልጆቼ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሥራ ፕላን አውጪ መጥራት ስንፍና ይመስለኛል። የገዛ ቤቱን መለካት ያቃተው አባወራ ሌላ ምን ሊያውቅ ነው? ይህንኑ ቁርስ ላይ ለቤተሰቡ አስረዳሁ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስረዳሁ።

ክፍሉ አንድ ሜትር ከአርባ በሁለት ሜትር ከአሥር ነው። እዚያ ውስጥ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ሻወርና የእጅ መታጠቢያ ማስገባት አለብኝ። ወረቀት ላይ ሣልኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ሣልኩ። መቀመጫው ሲገባ መታጠቢያው ይወጣል፤ መታጠቢያው ሲገባ በሩ አይከፈትም። በመጨረሻ ማሾ የምናሰጣበት የግቢው ሲሚንቶ ላይ ክፍሉን በልኩ በጠመኔ አሰመርኩት።

ቤተሰቡን ጠራሁ። ባለቤቴ ግድግዳ ሆነች፤ ትልቋ ልጄ በር ሆነች። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ በርጩማ ላይ ወጥቶ የእጅ መታጠቢያ ሆነ፤ የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ መቀመጫው። የምንሰግድበትን አቅጣጫ፣ ቂብላንም አልረሳሁም። ሽንት ቤት የተቀመጠ ሰው ፊቱንም ጀርባውንም ወደ ቂብላ አያደርግም፤ ከእኛ ቤት ቂብላ በደሴ መንገድ በኩል ነው። ወንበሩን ወደ ተራራው አዞርኩት።

“እማ፣ እስቲ ይቀመጡ” አልኩ።

ተቀመጡ። ልጄ እጇን ዘርግታ ልትከፈት ስትዞር የእናቴን ጉልበት መታችው።

“በሩ መታኝ” አሉ እናቴ።

“ይቅርታ አያቴ” አለች ልጄ።

“በር አይናገርም” አልኩ።

“ሲጢጥ ማለት ግን ይችላል” አለችና ቀስ እያለች፣ ሲጢጥ እያለች ተዘጋች።

እናቴ ሻሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሥራ ላይ ሳቅ አልወድም፤ ይህንን ልጆቼ ያውቃሉ። ስለዚህ ጀርባዬን ሰጥቼ ሜትሩን መጠቅለል ጀመርኩ። ሜትሩ አልጠቀለል አለኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ እንደገና ጀመርኩ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋነው። ቀጥሎ ለመነሳት የሚይዙት የግድግዳ እጀታ የት እንደሚተከል ለማወቅ እናቴ እንዲነሱ ጠየቅሁ። ተንጠራርተው የባለቤቴን ክንድ ያዙ።

“ይህ ግድግዳ ይሞቃል” አሉ።

“ምሳም ያልበላ ግድግዳ ነው” አለች ባለቤቴ።

እጃቸው ያረፈበትን ከፍታ ለካሁና ሁሉንም ወረቀቱ ላይ አሰፈርኩ። ያን ቀን በራሴ በጣም ተደስቼ ነበር፤ መናገር ካለብኝ ልናገረው።

በማግስቱ ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። መዶሻና መሮውን ይዞ ወለሉን ሊሰብር ሲንበረከክ እናቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ከወረቀቱ ወለሉ ላይ የገለበጥኩትን ምልክት አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

“ልጄ፣ ትናንት ስቀመጥ ተራራው ፊት ለፊቴ ነበር። አሁን ተራራው የት ነው?”

“ከግድግዳው ጀርባ ነዋ እማ።”

“ከየትኛው ግድግዳ?”

ወጥቼ አየሁ። ሲሚንቶው ወደ አንድ ጎን ስለሚሰፋ ጠመኔውን ያሰመርኩት እንደተመቸኝ ነበር። የሣልኩት ክፍል በር ወደ በረንዳው ነው፤ የእውነተኛው ክፍል በር ወደ ግቢው በር ነው። ፕላኑ ወደ ውስጥ ሲገባ ዞሮ፣ መቀመጫው ቀጥ ብሎ የደሴን መንገድ ያያል።

“አስተግፊሩላህ” አሉ እናቴ። “ዕድሜዬን ሙሉ ወደዚያ ዞሬ ሰገድኩ። አሁን ልጄ ወደዚያው አዙሮ ሊያስቀምጠኝ ነው።”

ባለቤቴ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ሳቋን በነጠላዋ ልታፍን ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ሠራተኛው አቀርቅሮ፣ “ጋሼ፣ ፕላኑን ማን ነው ያወጣው?” አለኝ።

“መሐንዲስ ነው” አልኩ።

“ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረ” አሉ እናቴ።

እዚህ ላይ እኔም አልቻልኩም። ግድግዳ ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልጄ ሮጣ መጥታ አባቷ ሲስቅ አየችና ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። የቁርሱን ንግግር የሰማች ናትና ስሕተቱንም መስማት ይገባታል። ሁሉን ነገር እስከ ጣት ስፋት ለክቼ፣ የቆምኩበትን አቅጣጫ አላየሁም። ሰው በሚያውቀው ነገር ሲኮራ የሚያልፈው ቀላሉን ነው፤ እኔ ይህን ለሌላው ስናገር ብዙ ዓመቴ ነው።

ግን ክፍሉ ጠባብ ነው። መቀመጫው ወደ ተራራው ከዞረ የእጅ መታጠቢያው ቦታ የለውም፤ በሩም መልሶ ጉልበት ይመታል።

ሠራተኛው፣ “በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ቱቦውን እኔ በአንድ ጎሚቶ መታጠፊያ አጥፌ አዞረዋለሁ” አለ።

“መታጠቢያውንም ወደ በረንዳው አውጡት” አሉ እናቴ። “በርጩማ አድርጉልኝና ውዱኤን ንፋስ እየመታኝ ላድርግ። በዚህ ሙቀት ማን ታፍኖ ይታጠባል?”

ከፕላኔ ሁሉ የተሻለው ሐሳብ ይህ ነበር። ወረቀቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ወንበሩን እውነተኛው ክፍል ውስጥ፣ እውነተኛው ቦታ ላይ አስቀመጥን። ሠራተኛው በእጀታ ፋንታ ጣውላ ግድግዳው ላይ መታ። እናቴ ሁላችንንም አስወጡ። በሩ ገና ስላልዞረ አንሶላ ጋረድን። ውጭ ቆመን ጠበቅን። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማን። ከዚያ ምንም። ባለቤቴ ልትገባ አንድ እግሯን አነሳች፤ ክንዷን ያዝኳት። ጣውላው ሲጥ አለ፤ ከዘራው ወለሉን መታ፤ አንሶላው ተገለጠ። እናቴ ብቻቸውን ወጡ፤ ፊታቸው በላብ ወርዝቷል።

ማንንም አላዩም። ስልኬን ተቀብለው አሊዩ አምባ ለምትኖረው እህቴ አስደወሉ።

“ሳጥኔን በመኪና ላኪልኝ” አሏት። “ዶሮዎቹን አንቺው ውሰጃቸው።”