ወንዝ የተሻገረው ማጭድ

ከአልጋው ራስጌ፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ የተሰካውን ማጭድ እስቲ እዩት። እጀታው በእጅ ወዝ ጠቁሯል፤ ጥርሱ ግን ዛሬም ስንዴ አምጡ ይላል። የሚስቅ ካለ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ። ይህ ማጭድ አንዲት ሕፃን አትርፏል። ያተረፋትም አጭዶ ሳይሆን ወንዝ ተሻግሮ ነው።

አልጋው የሙሉሐረግ ነው። ሙሉሐረግ መካነ ሰላም ውስጥ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ቀጭን ሴት ናት። እግሯ ፔዳሉን እየመታ፣ ከንፈሯ መርፌ እንደ ነከሰ፣ ከደንበኛ ጋር መከራከር ትችላለች። «እጅጌው ረዘመ» ቢሏት፣ «ልጅዎ አድጎ ይደርስበታል፣ ጨርቅ ግን አያድግም» ብላ ትመልሳለች። ባሏ የኔአለም ግንበኛ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ለእህል ካልሆነ አይከፈትም።

ያቺ ተከራካሪ ሴት በወለደች ማግሥት ጠፋች። አራስ ሆነችና ጠፋች። አራስ ንግሥት ናት እንላለን። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጆሮዋ ውስጥ የተወተፈው ጥጥ፣ የተዘጋው በር፣ ሁሉም ለክብሯ ነው። ልጄ ታማብኛለች ብትል ግን የሚሰማት የለም። ንግሥት አድርገን አስቀምጠን አፏን የምንለጉም ሰዎች ነን።

አማቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ሙሉሐረግ ከጤና ጣቢያ በወጣችበት ቀን፣ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘው ከገጠር ደረሱ። በአንድ እጃቸው ለጋ ቅቤ፣ በሌላው ማጭዱን ይዘው ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ገልጠው ሳያዩ ማጭዱን ራስጌ ሰኩት።

«ብረት ከአራስ ራስጌ አይለይም» አሉ። «ውሃ ልቅዳ ብለሽ እንኳ ስትወጪ፣ ብረቱ መኖሩን አይተሽ ውጪ። ሰማሽኝ? አይተሽ!»

ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ ነበር። ሙሉሐረግ መንገዱ አድክሟቸው መሰላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየቤታችን አድርገነዋል። የመጀመሪያው ወፍራም ቢጫ ወተት «እንገር ነው፣ ሆድ ይነፋል» ተባለና ተጨምቆ መሬት ላይ ፈሰሰ። በምትኩ ለሕፃኗ ማለዳ ማለዳ በጣት ጫፍ ቅቤ፣ ከሰዓት የአብሽ ውሃ ገባላት። ልጅቱ፣ ምስክር ነው ስሟ፣ ስትጠባ ደግሞ ዓይን እንዳይበላት ከነጡቱ በጋቢ ትሸፈናለች። እናቷ ራሷ ልጇ ስትጠባ አይታ አታውቅም። ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ ጋቢውን ይመርቃል፣ ይሄዳል። ጋቢው ጠገበ፣ ልጅቱ ተራበች።

በመጀመሪያው ሳምንት ምስክር ታለቅስ ነበር። በሁለተኛው ዝም አለች። «ጨዋ ልጅ ናት» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ ደስ ብሏቸው። ሙሉሐረግን ግን ዝምታው አስፈራት። ነፍሰ ጡር ሳለች የሰፋቻት ሸሚዝ ነበረች፤ ልጅቱ የተወለደች ዕለት እጅጌው ክንዷን ልክክ አድርጎ ይዞት ነበር። አሁን ክንዷ እጅጌው ውስጥ ይዋኛል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሰው ሳያያት የስፌት ሜትሯን ከትራስ ሥር አወጣች፣ በጋቢው ውስጥ የልጇን ክንድ ለካች። ልክ መውሰድ ሙያዋ ነው። ልክ ሲጠፋም ታውቃለች።

«እማማ፣ ልጄ ከስታለች» አለች።

«እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ ሳያመነቱ። «ለየኔአለም ነግሬዋለሁ፣ ቆራጩን ለቅዳሜ ይጠራዋል። በፈረስ ጭራ ጠለፍ አድርጎ ቁርጥ ነው። ከዚያ ጡትሽን ጠብታ ታደርቅልሻለች።»

ሙሉሐረግ ወደ ባሏ ዞረች። የኔአለም ወለሉን አየ። ድንጋይ በአንድ ምት ለሁለት የሚከፍል ሰው፣ ሁለት ቃል አጣ! ዕለቱ ረቡዕ ነው። ለቅዳሜ ሦስት ቀን ቀረው።

የግቢው ተከራይ ሀያት በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። የስድስት ወር ልጇን ሁዜይፋን አዝላ ደጃፍ ስታልፍ፣ ሙሉሐረግ ከአልጋዋ ጠራቻትና ሜትሩን አሳየቻት። የክንዷን ልክ በጣቷ ይዛ፣ «ይቺን ታክላለች» አለቻት። ሀያት ጫማዋን አውልቃ ገባች።

«እማማ አሰጋሽ፣ ወላሂ ይህች ልጅ ሚዛን ላይ መውጣት አለባት።»

«ልጅ እንደ በርበሬ አይመዘንም።»

«በርበሬ እንኳ ይመዘናል እማማ! ልጅ ከበርበሬ አነሰች?»

«ያልተጠመቀች ልጅ ወራጅ ውሃ አትሻገርም» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። «መጀመሪያስ ጋኔኑ ያገኛት መቼ ሆነና! እኔ ሳልኖር ከጤና ጣቢያ ባዶዋን ይዘዋት ሲሻገሩ ነው።»

«ያኔ ብረት ይዘው ነበር?»

«ምን ብረት! እነዚህ ምን ያውቃሉ!»

«እንግዲያው አሁን ይያዙላታ! ማጭዱ ራስጌ ሲሆን ጋኔን ይመክታል፣ ወንዝ ዳር ሲደርስ ይደነዝዛል?»

 ያመኑበት ነገር ራሱ ተነሥቶ ሲከራከራቸው ወይዘሮ አሰጋሽ ምን ይበሉ? ማጭዱን አዩት። ልጅቱን አዩ። ደግመው ማጭዱን አዩት።

«አንቺ የሰይጣን ጠበቃ!» አሉ በመጨረሻ። «እሺ። ነገ ሚዛን፣ ቅዳሜ ቆራጭ። ሁለቱም ይሁን። የምይዛት ግን እኔ ነኝ።»

እንዲህ ሆኖ ሐሙስ ጠዋት መካነ ሰላም ጉድ አየች። ወይዘሮ አሰጋሽ ልጅቱን በግራ ክንዳቸው አቅፈው፣ በቀኝ እጃቸው ማጭዱን መዘው ከፊት ይሄዳሉ። ሙሉሐረግ ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ትከተላለች። ከኋላ ሀያት ከነልጇ። አንድ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ «እማማ፣ ማንን ሊያጭዱ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«አፍህን!» አሉት፤ ሳይቆሙ።

ወንዙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ማጭዱን በውሃው ላይ ሦስት ጊዜ አዞሩ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉና ወደ ኋላ ዞረው፣ «አንቺስ ምን ትጎለቻለሽ? አንቺም በምታውቂው በይላት እንጂ!» ብለው ሀያትን ተቆጧት። «ቢስሚላህ» አለች ሀያት። ተሻገሩ።

የጤና ጣቢያው በር ላይ አሕመድኑር የሚባል ጥበቃ አለ። ማጭዱን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«ስለታም ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው እማማ።»

«ጋኔኑን አንተ ልትይዝልኝ ነው?»

ሌላ ጥበቃ ቢሆን ይስቅባቸው ነበር። ወይ ያመናጭቃቸው ነበር፤ ለድሃ ሴት በር ላይ መቆጣት ሥራ የሚመስላቸው ስንት አሉ! እርሳቸውም ተመልሰው ይሄዱ ነበር፣ ቅዳሜም ይደርስ ነበር። አሕመድኑር ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ቆመ።

«ውስጥ ያለው ሚዛን ከነመንጠቆው ብረት ነው» አለ። «እርስዎ እስኪመለሱ ደግሞ ማጭዱን ይዤ እዚችው በር ላይ እቆማለሁ። የሚገባ ካለ በእኔና በማጭዱ በኩል ይግባ።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ፊቱን አጠኑት። ማጭዱን ሰጡት። ያን ዕለት እስከ ማታ የገባ የወጣው ሁሉ «አሕመድኑር፣ አጨዳ ወጣህ እንዴ?» እያለ አላግጦበታል። እርሱ ከእጁ አላወረደውም። አላህ ይስጠው።

ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም አለ። ምስክር ስትወለድ ሦስት ኪሎ ነበረች። 

ነርሷ ወጣት ናት። አልተቆጣችም፣ ንግግርም አላደረገችም። «እስቲ አጥቢያት፣ ልያችሁ» ብቻ አለች። ሙሉሐረግ እንደ ልማዷ ጋቢውን ሳበች።

«ጋቢውን አንሺው።»

«ዓይን!» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

ነርሷ ሄዳ በሩን ዘጋች። «እዚህ ያለነው አራት ሴቶች ነን እማማ። ከእኛ የማንኛችን ዓይን ነው የሚበላት?»

ጋቢው ተነሣ። ያኔ ሁሉም አዩ። ምስክር የያዘችው የጡቱን ጫፍ ብቻ ነው፤ ጉንጯ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሯ ጧ ጧ ይላል፣ ጉሮሮዋ ግን አይንቀሳቀስም። ባዶ ስትስብ፣ ደክማ ስትተኛ ነው አሥራ ስድስት ቀን የኖረችው። «አፏ በደንብ እስኪከፈት ጠብቂ። ከዚያ ጥቁሩን ጭምር አጉርሻት» አለች ነርሷ፣ የልጅቱን ጀርባ ደግፋ ወደ እናቷ አስጠጋቻት። አንዴ ሳተች። ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው ያዘች። ግልግ አለ ጉሮሮዋ፤ ዋጠች። ደግሞ ግልግ።

«ያንን ሰማችሁ?» አለች ሀያት በሹክሹክታ፣ ሰማይ የነጎደ ይመስል።

«እንጥሏስ?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። አልተሸነፉም ገና።

ነርሷ ምስክር ጠግባ ጡቱን እስክትለቅ ጠበቀች። ከዚያ የስልኳን መብራት አበራች፣ የልጅቱን አገጭ ቀስ አድርጋ ዝቅ አደረገች። «ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩት። ይቺ ናት። ቦታዋ ላይ ናት፣ ማንም ሰው አለችው። ቢቆርጧት ግን ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ብዙ ደም የላትም።»

ወይዘሮ አሰጋሽ አጎንብሰው አዩ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኗል።

«ስንት ቀን ይፈሳል ደሙ?»

«እንደ ሁኔታው ነው። ለምን ጠየቁኝ?»

«በሦስተኛው ቀን ነው የሞተችው» አሉ።

 የኔአለም ከመወለዱ በፊት ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ያቺም አልጠባ ብላ እንጥሏ ተቆረጠ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አሰጋሽ ውሃ ሊቀዱ ወረዱ፤ ሲመለሱ ልጅቱ በሕይወት የለችም፣ ብረቱም ከራስጌዋ ወድቆ ነበር። «ብረቱ መኖሩን ሳላይ ወጥቼ ነው እያልኩ» አሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «ሠላሳ ዓመት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ የገደልኳት ይመስለኛል። እንዲህ አብርቶ ያሳየኝ አንድ ሰው ልጣ?»

ሙሉሐረግ ልጇን እንደታቀፈች በነፃ እጇ የአማቷን እጅ ያዘች። ጨካኝ መስለዋት ነበር። ለካስ እኚህ ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ በር ሲጠብቁ ኖረዋል።

እስከ ማታ እዚያው ቆዩ፤ ነርሷ በየሁለት ሰዓቱ እየመጣች አየቻት። «ቅቤም የለ፣ ውሃም የለ፣ ጡት ብቻ። ቅዳሜ ጠዋት ትመዘን» ብላ ሸኘቻቸው።

ቅዳሜ። ቆራጩም ቅዳሜ ነው የሚመጣው።

ሲነጋ ወይዘሮ አሰጋሽ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ማጭዱን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሰውየው ከረጢቱን አንጠልጥሎ መጣ።

«እዚህ የሚቆረጥ የለም» አሉት።

«ልጅዎ ጠርቶኝ እኮ ነው።»

ያኔ የኔአለም ከጓሮ ብቅ አለ። እጁ እስከ ክርኑ ሳሙና ነው፤ የልጁን ጨርቆች ሲያጥብ ነበር፣ ያውም የግቢው ወንድ ሁሉ እያየው። «የጠራሁህ እኔ ነኝ፣ የምመልስህም እኔ ነኝ» አለ። ሁለት ቃል አጥቶ የነበረው ሰው!

«በል ሳትጠጣ አትሂድ» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ጠላ ቀዱለት። ከዚያ ተነሥተው ልጅቱን አቀፉ፣ ማጭዱን ያዙ፣ ወንዙን ተሻገሩ። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ሃያ። በሁለት ቀን መቶ ሃያ ግራም። ሙሉሐረግ ቁጥሩን ስትሰማ ተመስገን ማለት ፈልጋ ሳቅ ቀደማት፤ መልሳ አለቀሰች። ወይዘሮ አሰጋሽ እልልታውን አቀለጡት፤ አሕመድኑር በር ላይ ሆኖ ማጭዱን ወደ ላይ አነሣ።

በሰማንያኛው ቀን ምስክር ክርስትና ተነሣች። ሀያትና ቤተሰቧ እንዲበሉ ባሏ ሱፍያን ለብቻ ዶሮ ባርኮ አረደ፤ አሕመድኑርም ተጠርቶ ከእነርሱ ማዕድ ቀረበ። ያቺ የመጀመሪያዋ ሸሚዝ እንኳን እጅጌዋ አንገትጌዋም አልገባ ብሎ ለሀያት የወደፊት ልጅ ተቀመጠች። ሙሉሐረግ ከንፈሯ ላይ መርፌ ነክሳ ወደ በረንዳዋ ተመልሳለች፤ ክርክሩም እንደ ድሮው ነው። ማጭዱም ራስጌ አለ። ማንም አላወለቀው፣ ማንም አላፈረበት።

እንግዲህ እባካችሁ። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የምታጠባ እናት ሥዕል ወንዝ ተሻግሮ ቤት አይመጣም፤ የምንሻገረው እኛ ነን። ጎረቤታችሁ ከወለደች ገንፎውን ውሰዱ፣ ደግ አደረጋችሁ። ግን ጋቢውን መርቃችሁ አትመለሱ። በሩን ዝጉላት፣ ጋቢውን ግለጡ፣ ልጅቱ ስትውጥ ጉሮሮዋን በዓይናችሁ እዩ። ካልዋጠች ዛሬውኑ አንሷትና ወደ ሚዛኑ ሂዱ። አያትየው ያለ ማጭድ አልሄድም ካሉም፣ አትሳቁባቸው፤ ያዙላቸው።