ቤት ለእንቦሳ ብለው የገቡ ወታደሮች

ከምሠራበት የኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ወጥቼ አውሮራ ቤቴ ስደርስ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረርኩ። እዚሁ ስደት አገር የተወለደችው ልጄ፣ የሃይስኩል ተማሪዋ፣ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«ዳዲ፣ ነገ ፕረዘንት አደርጋለሁ። ስለ ሰርድ አሜንድመንት።»

ሦስተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለዜግነት ፈተና አጥንቼው ነበር፤ ባለፍኩ ማግስት ረሳሁት። እሷ አስረዳችኝ። በሰላም ጊዜ ወታደር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም ቤት አይሰፍርም። አገሪቱን የመሠረቱት ሰዎች ከባሕር ማዶ ይገዛቸው የነበረው ንጉሥ ጦር ሰው ቤት ሲሰፍር አይተውታል። ጦርነት ሳይኖር ታጥቆ የሚቀመጥ ሠራዊት ዞሮ ዞሮ የሰውን ነፃነት ይበላል ብለው ይሰጉ ነበር።

«ክላስ ውስጥ ሁሉም ይስቃል» አለች። «ማን ቤት ነው ወታደር የሚገባው? ሶ፣ ስለ አንተ ጻፍኩ።»

አነበበችልኝ። «አባቴ ይህን ሕግ ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ልጅ ሳለ ወታደሮች ቤቱን ወስደውበታል» ይላል ጽሑፏ። ማን ነገራት? ማንም። ተሰድዶ የመጣ ሁሉ ተበዳይ ይመስላታል። እኔም ዝም ብዬ በመኖሬ አስገምቻታለሁ።

አሁንም ዝም ማለት እችል ነበር። ደክሞኛል፤ ጽሑፏም ያምራል። ግን ነገ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ቆማ የእኔን ውሸት ስትናገር ታየኝና ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«የእኔ ቤት አይደለም» አልኳት። «የገባሁት እኔ ነኝ።»

ነገርኳት። በደርግ ጊዜ ከመንገድ ታፍሼ ወታደር ሆንኩ። ሰሜን ውስጥ አንድ መንደር ስንደርስ ስድስታችን ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ተመደብን። በሯ ላይ እንደ ጨዋ ልጅ «ቤት ለእንቦሳ!» አልን። «እንቦሳ እሰሩ» ብላ መለሰች። እሷ ከልጆቿ ጋር ማድቤት ተኛች፤ እኛ አልጋዋና መደቧ ላይ። የነበራት አንድ እንቦሳ ነው፤ በሦስተኛው ቀን አርደን በላነው። ጦርነት ነበር እኮ ልላት አሰብኩና ተውኩት። በዚያ መንደር ጦርነት አልነበረም፤ የነበርነው እኛ ነን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም።

«እንቦሳ እሰሩ ምን ማለት ነው?»

«ምርቃት ነው። ከብት ይብዛላችሁ እንደ ማለት።»

«ሶ፣ ያ ኮንሰንት ነው? ፈቃድ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ራሴን ያጽናናሁት በዚያች መልስ ነበር፤ መርቃ ነው ያስገባችን እያልኩ። በልጄ አፍ ስጠየቅ አፈርኩ።

«አይደለም» አልኳት። «ክላሽ ይዘን ነበር። ሌላ ምን ትበል?»

ልጄ ከላፕቶፗ ቀና አለች። ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር የምታየው።

«ታዲያ ነገ ምን ልበል?»

«ወታደሩ አባቴ ነበር ብለሽ አስተካክይው።»

ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ጥቂት ጻፈችና አጠፋችው። «አይ ካንት ሴይ ዛት፣ ዳዲ። እንደዚያ ማለት አልችልም» አለች በመጨረሻ።

አልተቀየምኳትም። እኔም ያልኩት ገና ዛሬ ነው።